አባቴ ዓይኑን ሊታከም የወጣበት ቀን

ደሴ ውስጥ፣ የምኖርበት ሰፈር ጥግ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት አለች። ክረምት ሲገባ ዘይቱን ታመጣለች፤ ከመጠን በላይ የበሰለውን እየለየች መሬት ላይ ትደፋውና ዝናብ ሲነካው ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታ ተነሥቶ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ይከተለኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ እቀራለሁ፣ ሰባት ዓመት ይሆነኛል፣ ቀኝ እጄ አባቴ እጅ ውስጥ ይገባል። ሴትየዋ ዘይቱን የምወድ መስሏት ብዙ ጊዜ መርቃ ልትሰጠኝ ሞክራለች። እኔ ግን አንድም ቀን ገዝቼ በልቼ አላውቅም።

ቤታችን በቆቦና በሮቢት መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ተራራው ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን በማሽላ እርሻ የተከበበ ነበር። በበጋ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳውን ከብት ከጨረሰው በኋላ፣ ከአፋር በኩል የሚነሣው ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ቤት ለቤት ያድለው ነበር፤ አቧራው ሲመጣ ዝንቡ ይመጣል፣ ዝንቡ ሲመጣ ዓይን ይታመማል። እኛ ልጆቹ ጠዋት ዓይናችን ተጣብቆ ስንነሣ እናታችን በሞቀ ውኃ እያራሰች ትከፍትልን ነበር። አባቴ ይመር ግን ልጅነቱን ሁሉ እንዲሁ ሲታመም የኖረ በመሆኑ፣ በጎልማሳነቱ የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይወጋው ነበር።

የአገራችን ሰው ለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻ ያውቃል፤ ወረንጦ። አባቴ ወረንጦውን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። መጀመሪያ እናቴ ነበረች የምትነቅልለት፤ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግን፣ ዓይኗ የሰላ ነው፣ ጣቷም ቀጭን ነው ተብሎ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ጠዋት ፀሐይ በራችን ላይ ስታርፍ አባቴ ይጋደምና ያን ትልቅ ራሱን ጭኔ ላይ አሳርፎ፣ «ታየሽ ዘይኔ? እሱ ነው ሌባው፣ ያዥልኝ» ይለኝ ነበር። እኔም ትንፋሼን ውጬ፣ ፀጉሯን በወረንጦው ጫፍ ይዤ ላጥ አደርጋታለሁ፤ እንባው በጉንጩ አልፎ ጆሮው ውስጥ ይገባና እሱ ግን ስቆ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔን አበራሽው፣ አንቺንም አላህ ያብራሽ» እያለ ይመርቀኝ ነበር። ከወንድሞቼ ሁሉ የምበልጠው በዚያ ሰዓት ነበርና ኩራቴ አይጣል ነው።

ያላወቅሁት፣ ቤታችን ውስጥም ማንም ያላወቀው ነገር፣ የተነቀለው ፀጉር አጭርና ደረቅ ሆኖ ተመልሶ እንደሚበቅል ነው። ታጭዶ የቀረ የማሽላ ጉቶ እግር እንደሚወጋ፣ እሱም ዓይኑን እንደዚያ ይወጋው ነበር። ከሥሩ ሳይወጣ መሐል ላይ የተቆረጠብኝ ደግሞ ይብሳል፤ ስንቱ እንደተቆረጠብኝ እኔና አላህ እናውቃለን፣ እንዳይቆጣኝ ብዬ «ወጣ» እለው ነበር። እየመረቀኝ እጎዳው ነበር።

በልግ ሲመጣና የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው አባቴ ማሽላውን ይዘራና፣ ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ፈት ሰሞን ስለ ባላባቱ አትክልት ያወራን ነበር። አትክልቱ ከመንደራችን ወደ ተራራው ሥር ሲኬድ፣ የምንጭ ውኃ የማይለየው ቦታ ላይ ያለ የድሮ የዛፍ ቦታ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ባላባት፣ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያን ቀጥሮ፣ ከባሕር ማዶም ከአሥመራም ዘር እያስመጣ ያስተከለው ነው ይባላል። አባቴ በልጅነቱ፣ ቦዩ ሳይቆፈር፣ ከምንጩ በቅል እየቀዳ ችግኞቹን ያጠጣ ነበር። «ደርግ መጥቶ ባላባቱን አባረረው፤ ዛፎቹን ግን ማን ያባርራቸዋል?» ይልና፣ በእጁ ያጠጣቸውን ዛፎች የዘመዶቹን ስም እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ ይጠራቸው ነበር። እኔ አንዱንም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ አልነበረንም፣ አባቴም «አንድ ቀን» እያለ ነበር የሚያልፈን።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ የዓይን ሐኪሞች ቆቦ መጥተው ለአራት ቀን በነፃ እንደሚያክሙ የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያ እየዞረ ተናገረ። የተቀለበሰውን ቆብ ቆርጠው ያቃናሉ፣ ሰውም በዚያው ቀን በእግሩ ቤቱ ይገባል ተባለ። እናቴ የሰማች ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አባቴ ግን ነገሩ አልጣመውም። የጎረቤታችን ሰው፣ «ጎብዬ ላይ አንዱን በምላጭ ነክተውት ዓይኑ እንደ እንቁላል ፈሰሰ» ብሎት ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። ይመር የሚባለው ሰው ጅብ በዱላ ያባረረ፣ በጥይት ተመትቶ ሲያነክስ ገበያ የዋለ ሰው ነው፤ ያቺን ትንሽ ምላጭ ግን ፈራት። ፈርቻለሁ ማለት ደግሞ ከራያ ወንድ አፍ አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን፣ «ዛሬ ሰው ይበዛል» ብሎ አሳለፈው።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ጎሕ ሲቀድ አስነሣችን፤ የማሽላ ቂጣ በቅቤ አሽታ በጨርቅ ቋጠረችልኝና በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እጁን እንዳትለቂ። ሐኪሞቹ ጋር እስኪገባ ድረስ እጁን እንዳትለቂ» አለችኝ። ታናናሾቼ ገና ትንንሽ ስለነበሩ እሷ ቤት መቅረት ነበረባት። እኔም ቃሏን ይዤ፣ የአባቴን ሁለት ጣቶች በጡጫዬ ጨብጬ ወጣሁ።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ፣ ወደ ግራ ተራራው ሥር፣ ቀጥታ ደግሞ ወደ ቆቦ ይወስዳል። አባቴ እዚያ ሲደርስ ግራር ሥር ተቀመጠ። በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠራርጎ፣ «ዘይኔ» አለኝ፣ «ቆቦ ይሻልሻል ወይስ አትክልቱ?»

«አትክልቱ!» አልሁ። ለማሰብ እንኳ አልቆየሁም።

ፊቱ በአንድ ጊዜ ፈካ። «እንግዲያው ቆቦን ነገ እናደርገዋለን። አራት ቀን አይደል ያሉት? ዛሬ ዛፎቹን ልያቸው፤ ነገ ከዓይኔ ጋር እንደፈለጉ ያድርጉ» ብሎ ተነሣና፣ ከእኔ ይልቅ እሱ እየጎተተኝ ወደ ግራ ታጠፍን።

ያን ቀን ደስ የሚል ቀን አልነበረም ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀን አላየሁም። ከዚያ ንዳድና አቧራ ወጥተን በዛገው የብረት በር ስንገባ አየሩ ራሱ ሌላ ነበር፤ ውኃው በድንጋይ በተሠራ ቦይ እየተንኮለኮለ ይሄዳል፣ ማንጎዎቹ ከላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፀሐይ አያስገቡም፣ መሬቱ በወደቀ ዘይቱን ተለብጦ በረገጥነው ቁጥር ሽታው ይነሣል። ዘበኛው አያ ሰይድ የአባቴ የልጅነት ባልደረባ ነበርና ከሩቅ ሲያየው ዱላውን ጥሎ፣ «ይመር! ሞቷል ብለውኝ ዱዓ አድርጌልህ ነበር እኮ!» አለው።

«ዱዓውን አትመልሰው፣ ይጠቅመኛል» አለው አባቴ።

ከዚያ ዛፍ ለዛፍ ዞርን። ሮማኑን፣ ጊሽጣውን፣ ትርንጎውን፣ በሁለት ሰው እጅ የማይታቀፈውን ሮቃ፣ ቀይ አበባው መንገዱን ያለበሰውን የድሬዳዋ ዛፍ፣ ጣሊያኑ ከየት እንዳመጣው ማንም የማያውቀውንና ስምም የሌለውን አንድ ረጅም ዛፍ አሳየኝ። እያንዳንዱ ጋ ሲደርስ ግንዱን በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ቅጠል ቀጥፎ በጣቱ ያሸውና ያሸተዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስሙን የሚነግረኝ። እኔ የአትክልተኛ ወግ መስሎኝ እኔም እየቀጠፍኩ አሸት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳያሸት፣ «ይሄ ሎሚ ነው» አለና ቀና ብዬ ሳይ ፍሬው የልጅ ራስ የሚያህል ትርንጎ ነበር። ሣቅሁበት። እሱም ሣቀ። ዛፎቹን ሊያይ የመጣው ሰው ዛፎቹን እንደማያያቸው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቀትር ላይ ማንጎ ሥር ተጋድመን ቂጣችንን በላን፤ አያ ሰይድ የመጨረሻዎቹን ማንጎዎች በረጅም እንጨት አውርዶ አመጣልን። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዶ ዝንብ ሲወረኝ አባቴ በነጠላው እያባረረልኝ፣ አንድ ቀን ማንጎ ሲሰርቅ ባላባቱ ይዞት እንዴት በጆሮው አንጠልጥሎ እንዳዞረው፣ ከዚያ ደግሞ አዝኖ ሙሉ ቅርጫት እንደሰጠው ነገረኝ። አያ ሰይድ ሲሥቅ ቆይቶ፣ «ቆቦ ሐኪሞች መጥተዋል አሉ። አልሄድህም እንዴ?» አለው።

«ነገ ነው የምሄደው» አለ አባቴ።

አያ ሰይድ ወደ እኔ ተመለከተ። አስተያየቱም እኔ አንድ ነገር ማድረግ ያለብኝ ዓይነት ነበር። ማንጎውን አስቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም፣ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ጣቶቼ ተጣብቀው ነበር፣ አባቴ ደግሞ ደስ ብሎት ነበር። ትንሽ ቆይቼ ማንጎዬን መልሼ አነሣሁ።

ስንመለስ፣ ቤታችን አጠገብ ስንደርስ አባቴ ቆም ብሎ፣ «እናትሽ ከጠየቀችሽ ሰው በዝቶ ተራ አልደረሰንም በያት» አለኝ። እናቴ ጠየቀችኝ። አልኋት። «ነገ በሌሊት ትሄዳላችሁ» ብላ እጄን ልታጥበኝ ያዘችኝ፤ እጄ ማንጎ ማንጎ ይሸት ነበር። አየችኝ፣ አሸተተችኝ፣ ከመንገድ የተገዛ ሳይመስላት አልቀረም።

በማግስቱ ሳይነጋ ተራራው ላይ ነጎድጓድ ወረደና፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ መጣ። ቆላችን የሚኖረው በዚህ ጎርፍ ነው፤ ደጋ የዘነበው ዝናብ በወንዙ ሲወርድ፣ ገበሬው በጭቃና በቁጥቋጦ ክትር ሠርቶ ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባዋል። የሚዳኘው የውኃ አባት የሚባል ገበሬው የመረጠው ሽማግሌ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ክትር ላይ ያልቆመ የዚያን ክረምት ውኃ አያገኝም። ውኃ ካላገኘ ማሽላ የለም፣ ማሽላ ከሌለ ደግሞ ቤት የለም። አባቴ አካፋውን አንሥቶ ወጣ።

እናቴ ተከትላው ሄዳ፣ እኔም ተከትያት፣ ክትሩ ላይ ቆሞ የሚያዝዘውን የውኃ አባት አያ ካሣን እጅ ነሣችው። «ለዛሬ ብቻ ልቀቁልኝ፤ ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ እኔ በእሱ ቦታ ልቁም» አለችው። በዚያ ጊዜ ሴት ክትር ላይ አትቆምም ነበር፤ ወንዶቹ ወደ እኛ ሳያዩ ጭቃቸውን መቱ። አያ ካሣ ክፉ ሰው አልነበረም። ጭቃ የነካውን እጁን ዘርግቶ፣ «እኔ እለቀው ነበር የኔ እመቤት። ዛሬ እሱን ብለቅ ግን ነገ ሁሉም ሕመም አለብኝ ይለኛል፣ ክትሩ ይሄዳል። ጎርፉ የኔ ቢሆን አቆመው ነበር» አላት። አባቴ ወገቡ ድረስ በደፈረሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ዓይኑን በጭቃ ክርኑ እየጠረገ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ፣ «የፈሩት ይደርሳል» ትል ነበር፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

በአራተኛው ቀን ጎርፉ ቀነሰና ቀትር ላይ ቆቦ ገባን። መሻገሪያው ላይ ውኃው አሁንም ጉልበት ስለነበረው አባቴ ትከሻው ላይ አሻገረኝ፤ በየት እንደሚረግጥ ከላይ ሆኜ የምነግረው እኔ ነበርሁ። የሐኪሞቹ ድንኳን ጋ ስንደርስ የመጨረሻውን ቀን ሥራ በጠዋቱ ጨርሰው እያጣጠፉት ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም መኪና ላይ ዕቃ ሲጭን አገኘነው፤ የአባቴን ዓይን ገልጦ በባትሪ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ትናንት ቢመጡ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «በሚቀጥለው ዓመት አይቅሩ አባቴ። ይሄን ማነው የሚነቅልልዎት?»

«እኔ» አልሁት።

ወደ እኔ ዝቅ ብሎ፣ ራሴን ዳበሰኝና፣ «ጎበዝ» አለኝ፣ ግን ፊቱ የሚያሞግስ ሰው ፊት አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሞቹ ቆቦ አልመጡም። በሌላው ዓመት ሲመጡ አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ተሰልፎ ጠበቀ፣ ምላጩንም ረስቶት ነበር፤ ቆቡን ማቃናት ይቻላል፣ ብርሃኑ ግን ሄዷል አሉት። ያን ቀን አትክልቱ መሄዳችንን እናቴ ያወቀችው በዚያው ሰሞን ነው፤ አያ ሰይድ ገበያ ላይ አግኝቷት፣ ምንም ሳያስብ፣ ማንጎውን እንዴት እንደበላሁ እየሣቀ ነገራት። ቤት ገብታ ሙሉ ቀን አላናገረችኝም። ማታ ምድጃው አጠገብ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ምን ነበር ያልሁሽ?» አለችኝ።

«እጁን እንዳትለቂ።»

«ለቀቅሽው?»

«አለቀቅሁትም።»

«እሱ ነው ጉዱ» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥታ አታውቅም።

እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አሥረኛ ክፍል ሆኜ ለክረምት ቤት ስመለስ፣ ወደ መስጊድ ስመራው መሐል መንገድ ላይ አቁሜ፣ ቆቦ ብዬህ ቢሆን ኖሮ ታይ ነበር አልሁት፤ ሳለቅስ ሰምቶ በእጁ ፊቴን ፈለገና፣ «ቆቦ ብትዪ ደግሜ እጠይቅሽ ነበር፤ አትክልቱ እስክትዪ ድረስ» አለኝ። እንዲቀለኝ ብሎ ነው። አልቀለለኝም፤ ቢሆንም ውለታውን አልረሳውም።

ያኔ ሐኪም እንደ ጎርፍ ነበር፣ ሲመጣ ያልተገኘ ሰው ዓመት ይጠብቃል፤ አሁን ለዚህ ነገር ድንኳንም ድምፅ ማጉያም አያስፈልግም፣ በማንኛውም የሥራ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ መጨረስ ይቻላል። ባለፈው ዓመት የእናቴ ዓይን እንደ አባቴ መቀልበስ ሲጀምር ከደሴ ሄጄ ወሰድኋት፤ አባቴም ቤት ብቻዬን አልቀርም ብሎ ተከተለን። እሷን አስገብቼ እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ገና ጨዋታ እንኳ ሳንጀምር በሩ ተከፍቶ፣ እናቴ አንድ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በእግሯ ወጣችና፣ ሻይ ካለ ጠምቶኛል አለች።

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። «አለቀ እንዴ?» አለኝ።

«አለቀ አባ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አልሁት።